ጉሮሮዬና ዙምባራው

ብዙ አትናገሪ ተብያለሁ። ይህ ትእዛዝ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባቸው የሚያውቁኝ ብቻ ናቸው። ገበያ ወጥቼ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሄድብኝ ሴት ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ብትሞት እንኳ ምላሷ ቀብር ላይ ሰው ሲያስተናግድ ይውላል» ትል ነበር። አሁን ሰው ሲያናግረኝ ጉሮሮዬን በጣቴ አሳይቼ ፈገግ እላለሁ። ሰውም ከንፈሩን ይመጥልኛል። ከንፈር ሲመጡልኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል፤ ግን በምን ልሳደብ? እጄ አልተከለከለም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። ሲደክመኝ አቆማለሁ። ደክሞኛልም።

አሶሳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ከከተማው ወጣ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። በሥራ ቀን አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ መስኮቱ መስታወት የለውም፣ የባጃጁ ጩኸት ሁሉ እኛ ጋ ይገባል። ካልጮህኩ ኋላ የተቀመጠው ልጅ እኔን ትቶ ጎረቤቱን ነው የሚያዳምጠው። ቅዳሜ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ከተቀደደ ስፒከር ጋር ስታገል እውላለሁ። ሰኞ ጠዋት ድምፄ ጎርናና ሆኖ ሲወጣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሠርግ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ኪቦርዲስት የባምባሲ ልጅ ነው። ባንዱ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ከበሮውም፣ ባሱም፣ ዋሽንቱም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ እሱ በሌላው እጁ ስልኩን ይነካካል። ጎበዝ ነው፣ ግን ሰነፍ ነው፤ እንዲህ ስለው «ስንፍና አይደለም፣ ቴክኖሎጂ ነው» ይለኛል። ዓመታት አብረን ስለሠራን ሳልናገር የምፈልገውን ያውቃል። እንዲህ የሚያስፈልገኝ ቀን እንደሚመጣ ያኔ ማን አሰበ?

የራሴ አልበም የሚለው ሐሳብ የገባብኝ በዚሁ ሠርግ ሰልችቶኝ ነው። የሰው ዘፈን መዝፈን መረረኝ። ሙሽራ ገባች ሲባል ያው፣ ኬክ ሲቆረስ ያው፣ ሚዜ ሲጨፍር ያው። አንድ ቀን ቤቴ ተመልሼ ጫማዬን እያወለቅኩ «ለመሆኑ የእኔ የሚባለው ዘፈን የቱ ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ነው።

ያኔ አባቴ ሰሊጥ ሸጦ የገዛው ቴፕ ነበረን። እናቴ ማታ ማታ እሱን ትከፍታለች፤ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ዜማው ቀላል፣ አንዴ ከሰሙት አፍ ላይ የሚቀር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የበርታዎች መንደር አለ። አዝመራ ሲሰበሰብ እዚያ ዙምባራ ይነፋል። ዙምባራ ቅል ከቅል እየተቀጠለ የሚሠራ መለከት ነው፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይረዝማል። ጉዱ ያለው አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ መንፋቱ ላይ ነው። አንዱ የራሱን ይነፋና ይቆማል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያም ሌላው። ዜማውን ለብቻው የያዘ ሰው የለም። እናቴ «በሩን ዝጊው፣ ዘፈኔን አላሰማ አሉኝ» ትላለች። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። ቴፑና ዙምባራው እንደዚያ ተደባልቀው ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀሩት። አንዱን ያለሌላው ስሰማ ዛሬም የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አልበሙ ይህ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ከላይ ማንም ባጃጅ ውስጥ የሚያንጎራጉረው ቀላል ዜማ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው ዘፈን ብሎ የማይጠራው ነገር ሁሉ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ጄኔሬተር። ማንጎ ዛፍ ላይ የተሰቀለው የትምህርት ቤታችን ደወል፣ እሱም የመኪና ቸርኬ ነው። ወፍጮ ቤቱ ቀበቶው ሲላላ የሚያሰማው ጩኸት። ከሁሉም በላይ ዙምባራው።

ይህን ለኪቦርዲስቱ ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ። «ወፍጮ? ሰው ሊጨፍር ነው የሚመጣው ወይስ እህል ሊያስፈጭ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ቁልፍህን ጫን» አልኩት።

«እሺ፣ እጫናለሁ። የወፍጮ ቁልፍ ግን የለኝም።»

የሚቀርጽልንን ሰው ያገኘው ግን እሱ ነው። ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምር ልጅ እግር ሰው ነው። የተከራየውን ክፍል ግድግዳ በፍራሽ ሸፍኖ ስቱዲዮ አድርጎታል፤ አከራዩ ፍራሽ ነጋዴ ሆነ ብሎ አምቷል አሉ። የኔን ሐሳብ ሲሰማ ዓይኑ በራ። «እህቴ፣ ይሄን እኮ ማንም አልሠራውም!» አለኝ። ማንም ያልሠራው ነገር ማንም ያልሠራበት ምክንያት እንዳለው ያኔ ሁለታችንም አላሰብንም።

ግንቦት ላይ ድምፄ ጨርሶ መሰነጣጠቅ ጀመረ። እናቴ ማር በሎሚ ሰጠችኝ፣ ጤና አዳም ሰጠችኝ፣ በመጨረሻ ስድብ ሰጠችኝ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ገመድ አስገብቶ የድምፅ አውታሬን በስክሪን አሳየኝ። አንዱ ጎን ላይ እብጠት አለ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ወረፋው ለጥር ነው አለኝ።

«እስከ ጥር በተቻለ መጠን ዝም በይ። መዝፈን ደግሞ አቁሚ። ከዘፈንሽ ሊቀደድ ይችላል፤ ከተቀደደ ቀዶ ጥገናውም አይመልሰውም።»

«አልበም ጀምሬያለሁ» አልኩት።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቀስ ብለሽ ትጨርሺዋለሽ።»

«ከዚያ በኋላ ድምፄ ያው ይሆናል?»

«መናገር ትችያለሽ። ታስተምሪያለሽ። ስለ ዘፈን ቃል አልገባም።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ዝም ካልኩ ማስተማሪያ ድምፄ ይተርፋል፣ አልበሙ ግን ላይኖር ነው። ከዘፈንኩ አልበሙ ይኖራል፣ ድምፄ ግን ላይተርፍ ይችላል። ወደ አሶሳ እስክመለስ መንገዱን ሙሉ ከዚህኛው ወደዚያኛው ስል ቆየሁ። በመጨረሻ እንደ ልማዴ ሁለቱንም ለመያዝ ወሰንኩ። ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ለሰው ሳልናገር፣ ለመቅረጫው ብቻ በለሆሳስ እዘፍናለሁ፤ ከዚያ እስከ ጥር ድዳ እሆናለሁ። ብልጠት መሆኑ ነው።

ለዙምባራው ወንዙን ተሻግሬ የነፊዎቹን አለቃ ላነጋግር ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድም ሴትም፣ ፍየልም ሳይቀር «አንተ» ይላሉ። ሐሳቤን በጥሞና ሰምተው ሳቁ። ወደ ጣሪያው ሥር አሳዩኝ። ዙምባራዎቹ በገመድ ተሰቅለዋል።

«ቢንቲ፣ አሁን አይሆንም። እህል መሬት ላይ ነው» አሉኝ። ቢንቲ በአረብኛ ልጄ ማለት ነው። «እህል ሳይገባ ዙምባራ አይወርድም።»

«ለቀረጻ ብቻ ነው ሐጂ፣ ማንም አይሰማም።»

«ማሽላ ይሰማል» አሉ፣ እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን ዛሬም አላውቅም። «ኅዳር ና። ያን ጊዜ አንተ እስኪሰለችህ እንነፋለን።»

ኅዳር ሩቅ ነበር። የእኔ ጉሮሮ ደግሞ ማሽላ እስኪደርስ የሚጠብቅ አልነበረም። ድምፅ ቀራጺው ልጅ መላ መታ። ክረምቱን ድምፄን በኪቦርድ ላይ እንቀርጻለን፣ ዙምባራው በሚገባበት ቦታ ኪቦርዱ ያስመስላል፣ ኅዳር ሲመጣ እውነተኛውን ከላይ እንጭንበታለን። ውሃ እንደመጠጣት ቀላል አድርጎ ነገረን። እኛም አመንን።

ክረምቱን ሙሉ ፍራሽ በፍራሽ በሆነው ክፍል ውስጥ ዘፈንኩ። የአሶሳ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ስለሚጮህ ድምፄ አይሰማም፤ ያኔ ማይኩን ወደ ጣሪያው አዙረን ዝናቡን እንቀርጻለን። ሲያባራ እዘፍናለሁ። ድምፄ ሻካራ ነበር፣ ግን እንዲህ አምሮ ወጥቶ አያውቅም። ኪቦርዲስቱ እንኳ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር የሚጫወተው። ወፍጮውን ሲሰማ «ይቅርታ፣ ወፍጮው ከእኔ ይበልጣል» አለ። ከዘፈኖቹ አንዱ ግን የሁሉም እናት ነበር። የልጅነቴ ዘፈን ነው። ማዞሪያው እንዲህ ይላል፦

ከወንዙ ማዶ፣
ይሰማል ወይ ድምፄ?

ሌላ ነገር የለውም። አንድ ልጅ አንዴ ሰምቶ ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ ዙምባራው ካልገባ ግን ለእኔ በሩ የተዘጋበት ቤት ነው።

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ አዝኖልኝ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሰጠኝ፤ በፊሽካ አስተማርኩ። ፊሽካ አንገቴ ላይ ይዤ ዝም ብዬ ከርሜ ኅዳር ደረሰ። ማሽላው ገባ፣ ዙምባራው ከጣሪያ ወረደ።

ቀራጺው ነፊዎቹን አንድ በአንድ ነበር የጠራቸው። ሥራው እንደዚያ ነው፤ አንድ ድምፅ ለብቻው ጥርት ብሎ ይያዛል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ያገጣጥመዋል። ሐጂም በነገሩ ተስማሙ። ማሽኑ እነሱን አንድ ላይ የሚሰማበት የራሱ ጆሮ አለው ብለው አስበው ነበር፣ ኋላ ሲነግሩን ስቀናል። መጀመሪያ የገባው ሰውዬ ጆሮ ማዳመጫ ተደረገለት። ቲክ ቲክ የሚል መቁጠሪያ ይሰማል። አንዴ ነፋና ቆመ። ጠበቅን። እሱም ጠበቀ።

«ቀጥል» አለው ቀራጺው።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን በኋላ ነው የምንቀርጸው።»

ሰውዬው ዞር ብሎ ፍራሹን አየ፣ ከዚያም እኔን አየኝ። «ታዲያ ለማን ነው የምመልሰው?» አለ።

ቢሆንም ነፉ፣ ሁሉም ተራ በተራ፣ ላለማስቀየም። ቀራጺው ለብዙ ቀን ሲገጣጥም ከረመና አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራን። ሁሉም ድምፅ ቦታው ላይ ነበር። ጥርት ያለ ነው። ሐጂ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ።

«እናንተ ናችሁ ሐጂ።»

«እኛ አይደለም።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ቀራጺው ራሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ «አውቄዋለሁ፣ ሞቷል» አለ። አሳዘነኝ፤ ስንት ቀን ሳይተኛ ቆይቷል። ሐጂ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ነገ አውድማው ላይ ና፣ ሁላችንንም አንድ ላይ ያዝ» አሉት።

በማግስቱ አውድማው ላይ ማይኮቹን ቀርከሃ ላይ አስረን ያዝናቸው። ሰዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ ይነፋሉ። ስሰማው የልጅነቴ በር ተከፈተ። መሃል ላይ ግን አንድ ቦታ ድምፅ ትጎድላለች፤ ዜማው እዚያ ሲደርስ ትንሽ ጉድጓድ ይዘላል። አንዱ ሰውዬ ዙምባራ ይዞ ይዞራል እንጂ አይነፋም። ስጠይቃቸው የያዘው የሌላ ሰው ዙምባራ መሆኑን ነገሩኝ። ባለቤቱ ለሥራ ግልገል በለስ ሄዷል።

«ሌላ ሰው ለምን አይነፋለትም?»

ሐጂ በጥያቄዬ ተገረሙ። «ቦታው የሱ ነው። ሲመጣ የት ይገባል?»

ያን ድምፅ ወስደን ክረምት ከቀረጽነው ድምፄ ጋር ስናገናኘው አልገጠመም። ዙምባራው ከኪቦርዱ ጋር አይቃኝም፣ ፍጥነቱም የራሱ ነው፤ ይሄዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ይሄዳል። ቀራጺው ድምፄን በኮምፒውተር ጎትቶ ሊያስማማው ሞከረ። የታነቀች ፍየል መሰልኩ። ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሌሎቹ ዘፈኖች ያለ ዙምባራ ይኖራሉ፤ ይኼኛው ግን አይኖርም። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፦ አውድማው ላይ ገብቼ ከእነሱ ጋር እየዞርኩ እንደገና መዝፈን።

«በፍጹም!» አለ ኪቦርዲስቱ። ተነስቶ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ክረምት የዘፈንሽው አለ። በኪቦርዱ እናውጣው። ማን ያውቃል ኪቦርድ መሆኑን? ሰው ዜማውን ነው የሚፈልገው!»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጥር እኮ ደረሰ! ጉሮሮሽን ትንሽ ብታዝኚለት ምን አለበት?»

እናቴም ማታ ያንኑ ደገመችው፣ እሷ ግን አልጮኸችም። «ልጄ፣ እኔ ያን መለከት ስዘጋው የኖርኩት ላንቺ ነው እንዴ?» አለችና አለቀሰች። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ እሷም የገባት አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ደክሞኝ ነበር። በጣም ደክሞኝ ነበር። በፊሽካ ማስተማር ደክሞኛል፣ መጠበቅ ደክሞኛል፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ደክሞኛል። ሐኪሙ ሊቀደድ ይችላል አለ እንጂ ይቀደዳል አላለም። እንደሱ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ካልተቀደደ እኔም አለሁ፣ ዘፈኑም አለ።

ጠዋት ነበር። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም፣ የማሽላው አገዳ እየታጨደ ሜዳ ላይ ተከምሯል። ኪቦርዲስቱ ኪቦርዱን ሳይዝ መጣና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ላይመጣ ነበር የዛተው። ሐጂ ከፊቴ ቆሙ፣ የግልገል በለሱን ሰውዬ ዙምባራ የያዘው ደግሞ ከኋላዬ። መዞር ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ ድምፄ እየቧጠጠ ወጣ። ከዚያ እነሱ ተቀበሉት። ይህን እንዴት እንደምነግር አላውቅም። ሠርግ ላይ ስዘፍን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምሸከመው፤ ስፒከሩን፣ ሕዝቡን፣ ሰካራሙን ሚዜ። እዚያ አውድማ ላይ ግን የኔ ድርሻ አንዲት ድምፅ ብቻ ነበረች። እሰጣለሁ፣ ይቀበሉኛል፣ ትንሽ አርፋለሁ፣ ይመልሱልኛል። «ከወንዙ ማዶ፣ ይሰማል ወይ ድምፄ?» አልኩ። ደገምኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳይደክመኝ ዘፍኜ አላውቅም፤ ያን ጠዋት አልደከመኝም።

የመጨረሻው ማዞሪያ ላይ «ከወንዙ ማዶ» አልኩ። ቀጥሎ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። አየር ብቻ ወጣ። ሕመም አልነበረውም፤ መብራት እንደሚጠፋ ነው። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም አየር። እግሬ ግን አልቆመም፣ ምክንያቱም ከፊትም ከኋላም ሰው ይሄዳል። ነፊዎቹም አልቆሙም። የእኔ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ከመለከቱ አፉን አንስቶ ጠበቀ። ቦታዬ ባዶውን አለፈ። ከዚያ የራሳቸውን ነፉ። እንደዚያ እያደረጉ፣ ባዶ ቦታዬን እየጠበቁ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሱት።

ስናበቃ ኪቦርዲስቱ ወደ ማሽላው አገዳ ዞሮ ነበር፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ጉሮሮዬን ሳይሆን እጄን ያዙኝ።

«ቢንቲ፣ ቦታው ያንተ ነው። ማንም አይገባበትም። ስትመለስ ታገኘዋለህ» አሉኝ።

ቀራጺው ባዶውን ክረምት በተቀረጸው ድምፄ ሊሞላው ፈልጎ ነበር። ስልኬ ላይ «እንዳትነካው» ብዬ ጻፍኩለት። አልነካውም።

ጥር ላይ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለኝ ሹክሹክታ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወረኝ፤ ጸጥታ አስከብራለሁ። ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል! አልበሙ ወጣ ተባለ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ ቀላሎቹን ዘፈኖች ሰው ወደዳቸው፣ ወፍጮው ያለበትን እስካሁን ከኪቦርዲስቱ ሌላ የወደደው የለም። እሱ አዲስ ዘፋኝ አገኘ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ እንደ ውሃ ነው፣ እና እውነቱን ልናገር፣ ሳያት አልወዳትም። የግልገል በለሱም ሰውዬ ተመለሰ። ቦታው ቆይቶለታል፣ ገብቶ ነፋ። እኔ ነኝ ያልተመለስኩት።

ተገቢ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላውቅም። አንዳንድ ቀን ያን ጠዋት አስቤ ደስ ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ እናቴ ከጓዳ ስትጠራኝ፣ መልሼ ብጮህ ስለማትሰማኝ ተነስቼ እስክሄድላት ድረስ «የት ሄደሽ?» እያለች ስትጣራ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ይታወቀኛል፤ ያን ጠዋት የዘፈነችውን ራሴን ባገኛት በጥፊ እላት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፣ አላውቀውም። ሰፈሬን ጆሮው ሥር አንሾካሾክኩለት።

«ጉንፋን ነው? ዝንጅብል በማር ጠጪ» አለኝ። ሁሉም ሐኪም ነው።

ሙዚቃ ከፈተ። ዙምባራው ነው። ከዚያ እኔ ገባሁ። ድምፄን ከሰው ስልክ እንጂ ከባጃጅ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰውዬው በጣቱ መሪውን እየመታ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ዜማውን ስቶታል፣ ግን ከልቡ ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሞተሩ ይጮሃል፤ የኔ ሹክሹክታ እስከ ወንበሩ ጀርባ እንኳ አልደረሰም። ተውኩት።

የመጨረሻው ማዞሪያ መጣ። «ከወንዙ ማዶ» አለ የኔ ድምፅ፣ ከዚያ ጭር አለ።

«ይቅርታ እህቴ» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ፣ «እዚች ጋ ፋይሉ ተበላሽቷል። የሁሉም ሰው ስልክ ላይ እንዲሁ ነው። ችግር የለም፣ እኔ እሞላዋለሁ።»

እና ሞላው። ጉሮሮውን ከፍቶ፣ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ፣ «ይሰማል ወይ ድምፄ!» አለ። ሐጂ ማንም አይገባበትም ያሉት ቦታ ላይ ሰተት ብሎ ገባ። ልናደድበት ሞከርኩ፤ ያ የታወቀው ቁጣዬ የት እንደሄደ እንጃ። ዙምባራዎቹ ጠብቀው ነበር፣ አንድ ሰው መለሰላቸው። እንባዬ ወረደ። በመዳፌ ጠረግኩት።

ቤታችን ደጃፍ ደረስን። እናቴ ደጅ ተቀምጣ አየኋት።

«እዚህ ነው አይደል?» አለ ሹፌሩ፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ። ዘፈኑ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው እየተነሳ ነበር። «ወይስ ወደ ላይ ነው?»

በእጄ ወደ ፊት አሳየሁትና ቤቴን አልፈን ሄድን።